አጎቴ የሰርኩላሩን መከለያ በሽቦ አስረውታል፤ ምን ልበላቸው?

የምክር ዓምድ

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የ22 ዓመት ወጣት ነኝ። አዲስ አበባ፣ አየር ጤና አካባቢ በአጎቴ እንጨት ቤት ስሠራ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አልጋ፣ ቁም ሣጥንና በር እንሠራለን። ባለፈው ሳምንት በእጅ ሰርኩላር (ክብ ጥርሳም ዲስክ ባለው የኤሌክትሪክ መጋዝ) የባህር ዛፍ ጣውላ በቁመቱ ስሰነጥቅ ማሽኑ ድንገት ያዘና ወደ ኋላ ዘሎ መጣብኝ። ሱሪዬን ጭኔ ላይ ቀደደው። ሥጋዬን አልነካኝም፣ ተመስገን። ዲስኩን ከሥር የሚሸፍነውን መከለያ አጎቴ ወደ ላይ ስበው በሽቦ አስረውታል። ‹ሥራ ያጓትታል› ይላሉ። የእሳቸው የግራ እጅ ሌባ ጣት ጫፉ የለም። ግን ‹30 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ልብህን ሥራው ላይ ካደረግህ ምንም አትሆንም› ይሉኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የማሽኑ? ጋሼ ያሳደጉኝ ሰው ስለሆኑ ፊት ለፊት መናገር ከብዶኛል። ደግሞ ዋሽንግተን ያለው የአክስቴ ልጅ አዲስ ሰርኩላር ልላክልህ ብሎኛል። ልቀበለው?»
ሱሪው የተቀደደው፣ ከአየር ጤና

ወንድሜ፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፈህ። ደብዳቤህን ሳነብ ደንግጫለሁ። በጭን ውስጥ በኩል ትልቅ የደም ሥር ያልፋል። እሱ ከተቆረጠ ሰው ሆስፒታል ሳይደርስ ደሙ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ሌላ ነገር ከማውራታችን በፊት አንድ ነገር ልለምንህ። ያ ሽቦ እስኪፈታ ድረስ ማሽኑን አታንሳው። የግድ የሚቆረጥ ነገር ካለ በእጅ መጋዝ ቁረጠው። ሥራው ቢዘገይ ይዘግይ።

ጥፋቱ የማን ነው ብለሃል። እኔ እንደገባኝ በአንድ ቅጽበት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ደርሰውብሃል። አንደኛው እንጨቱ ዲስኩን መያዙ ነው። ማሽኑ የዘለለው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ማሽኑ ከዘለለ በኋላ ዲስኩ ራቁቱን ጭንህ ጋ መድረሱ ነው። ይኼኛው የሽቦው ሥራ ነው። መከለያው እንደ ልቡ የሚንቀሳቀስ ቢሆን ኖሮ፣ ዲስኩ ከእንጨቱ ሲወጣ ስፕሪንጉ መልሶ ይሸፍነው ነበር። ሁልጊዜ ቀድሞ ይደርሳል ማለቴ አይደለም። በጣም ፈጥኖ ከዘለለ ሊቀደም ይችላል። ግን አብዛኛውን ጊዜ ይደርሳል። በሽቦ የታሰረ ግን መቼም አይደርስም።

ማሽኑ ለምን እንደሚዘል በደንብ ይግባህ፤ ከገባህ አብዛኛውን ጥንቃቄ ሳይነገርህ ራስህ ትደርስበታለህ። የእጅ ሰርኩላር የሚቆርጠው ከታች ወደ ላይ ነው። ከፊት ያለው ጥርስ ከጣውላው ሥር ገብቶ ወደ ላይ ይወጣል። ኮምፔርሳቶን ጥሩ ፊቱን ወደ ታች አድርገን የምንቆርጠውም ለዚሁ ነው፤ የሚፈነጫጨረው የላይኛው ገጽ ነውና። ዲስኩ በነፃ እስከዞረ ድረስ ኃይሉ እንጨቱን በመቁረጥ ያልቃል። እንጨቱ ጨምቆ ከያዘው ግን ዲስኩ መዞር ያቅተዋል፤ ሞተሩ ደግሞ መግፋቱን አይተውም። ያን ጊዜ የሚንቀሳቀሰው ማሽኑ ራሱ ይሆናል። ከመስመሩ ተነስቶ ወደ ላይና ወደ ኋላ፣ ወደ ያዘው ሰው ይመጣል።

ፍጥነቱን ደግሞ አስበው። የብዙዎቹ የእጅ ሰርኩላሮች ዲስክ ስፋቱ 185 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ባዶውን ሲሽከረከር በደቂቃ 5,000 ዙር ገደማ ይዞራል። ብታሰላው ጥርሶቹ በሰዓት ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳሉ። ፈጣን መንገድ ላይ ከሚከንፍ መኪና ይበልጣል። በዚህ ፍጥነት ለሚመጣ ነገር እጅ የሚሰበስብ ሰው የለም። ስለዚህ ጋሼ «ልብህን ሥራው ላይ አድርግ» ማለታቸው ትክክል ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ማሽኑ ከዘለለ በኋላ ልብ ምንም አያደርግም። ልብ የሚሠራው ቀደም ብሎ ነው፦ ጣውላውን ስትደግፍ፣ የዲስኩን ጥልቀት ስታስተካክል፣ የምትቆምበትን ቦታ ስትመርጥ።

አሁን ወደ ባህር ዛፍህ እንምጣ። ባህር ዛፍ በቁሙ ሳለ ግንዱ ውስጥ ብዙ ውጥረት ይዞ ነው የሚያድገው። በቁመቱ ስትሰነጥቀው ያ ውጥረት ይለቀቃል። አንዳንዴ ሁለቱ ወገን ይከፈታሉ፤ አንዳንዴ ደግሞ መልሰው ይገጥሙና ዲስኩን ያንቁታል። በደንብ ያልደረቀ ከሆነ ይብሳል። እርጥብ ሰጋቱራ መስመሩን ይደፍናል፣ ዲስኩም ይግላል። አንተ ላይ የደረሰው ይኸው ይመስለኛል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ትንሽ ከቆረጥክ በኋላ ጣትህን ከማብሪያው አንሳ። ማሽኑን ባለበት ይዘህ ዲስኩ ጨርሶ እስኪቆም ጠብቅ። ከዚያ አውጣውና በተቆረጠው መስመር ውስጥ ትንሽ ሽብልቅ አስገባ። ሽብልቁ እንጨት ይሁን፣ ብረት አይሁን። ወደ ፊት በሄድክ ቁጥር ሌላ ጨምር። ከዲስኩ ኋላ መስመሩ እንዳይገጥም የምትጠብቅ ቀጭን ብረት ያላቸው ማሽኖችም አሉ። ያንተ ካለው ፈትተህ አትጣላት፤ ሥራዋ ሽብልቁ የሚሠራው ነው። ረጅምና ወፍራም እርጥብ ባህር ዛፍ ከሆነ ግን በእጅ ሰርኩላር አትታገለው። እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ይሂድ። የመሰንጠቂያው ዋጋ ለደንበኛው ቢጨመር ማንም አይጎዳም።

ሌላው ዲስክ የሚያስይዝ ነገር አደጋገፍ ነው። ስለዚህ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ላውራ፤ በየእንጨት ቤቱ በብዛት የማየው እሱን ነውና። ጣውላውን በሁለት በርጩማ ላይ ያጋድሙታል። ከዚያ መሃሉን ይቆርጡታል። መጀመሪያ ላይ ሰላም ነው። መቁረጡ ሊያልቅ ሲል ጣውላው በራሱ ክብደት ወደ ታች ይሰምጣል። ሲሰምጥ የላይኛው አፍ ይዘጋል። ዲስኩ ደግሞ እዚያው አፍ ውስጥ ነው። ሰውየው ሊያልቅልኝ ነው ብሎ በሚጫንበት ሰዓት ማሽኑ ይዘላል። ጣውላ ስታሳጥር የሚወድቀው ቁራጭ ከመደገፊያው ውጭ ይሁን። ተቆርጦ በነፃ ይውደቅ፤ ማንም ከታች ይዞ «ልርዳህ» አይበል። የሚረዳው ሰው ቁራጩን ወደ ላይ ሲያነሳ አፉን እሱ ራሱ ይዘጋዋል።

ሰፊ ኮምፔርሳቶ፣ ቺፕውድ ወይም ኤምዲኤፍ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም ወገን መደገፍ አለበት። አራት ሞራሌ (ባለ አራት ማዕዘን ወፍራም እንጨት) ፈልግ። ሁለቱን በመስመሩ ግራና ቀኝ፣ ለመስመሩ ጠጋ አድርገህ አስቀምጥ። ሁለቱን ወደ ዳር። ጠፍጣፋውን በላያቸው አንጥፈው። ሲቆረጥ የትኛውም ወገን አይሰምጥም፣ አይወድቅም። ከዚያ ሌላ ቀጥ ያለ ጣውላ በላዩ ላይ በክላምፕ (በመቆንጠጫ) እሰርና የማሽኑን መቀመጫ በእሱ ጥግ አስኪደው። መስመሩ ቀጥ ይላል፣ ዲስኩም አይጣመምም። መስመር ሳይይዙ በዓይን ብቻ የሚቆርጡ ጎበዞች አሉ። ግን መስመሩን ስቶ ለማስተካከል እጅ ጠምዘዝ ሲል ዲስኩ በጎኑ እንጨቱን ይነክሳል። መስመር ከሳትክ አቁም፣ አውጣ፣ እንደገና ጀምር።

ጣውላን በእግር ረግጦ ወይም ጉልበት ላይ አጋድሞ መቁረጥስ? ይኼን በፍጹም አታድርግ። በአንድ እጅ ጣውላ፣ በአንድ እጅ ማሽን ይዞ መቁረጥም ያው ነው። ጣውላውን ሞርሳ ወይም ክላምፕ ይያዘው፤ ሁለቱም እጆችህ ማሽኑ ላይ ይሁኑ። ሁለቱ እጆችህ ማሽኑን ከያዙ ዲስኩ ሊቆርጣቸው አይችልም። ክላምፕ የማይዘው ትንሽ ቁራጭ ከሆነ የሰርኩላር ሥራ አይደለም፤ መጋዝ አንሳ።

ጥልቀቱን ደግሞ ሳታስተካክል አትጀምር። ብዙ ሰው ማሽኑን የገዛ ቀን ዲስኩን እስከ መጨረሻ ያወርደዋል፤ ከዚያ በኋላ አይነካውም። 185 ሚሊ ሜትር ዲስክ ያለው ማሽን እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወርዳል። የጣውላህ ውፍረት 2.5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ከሥሩ 3.5 ሴንቲ ሜትር ዲስክ ራቁቱን ይሽከረከራል ማለት ነው። ለመደገፍ ከሥር የገባ ጣት የሚቆረጠው በዚህ ነው። ዲስኩ ከጣውላው ሥር መውጣት ያለበት ከአንድ ጥርስ ባነሰ መጠን ነው። ጣውላው ጎን አስጠግተህ መለካት ይበቃል። ያውም ስፒናው ተነቅሎ።

ስትቆርጥ በዲስኩ ትይዩ አትቁም። ወደ ጎን ፈንጠር ብለህ ቁም። ከዘለለ መንገዱ ላይ አትገኝም። ማሽኑ ሙሉ ፍጥነቱን እስኪይዝ ጥርሱ እንጨቱን አይንካ። መሃል ላይ አቁመህ እንደገና ስትጀምርም ዲስኩን በመስመሩ መሃል አድርገው፤ ጥርሱ ምንም ሳይነካ አስነሳው። ዲስኩ እየዞረ ማሽኑን ወደ ኋላ መጎተት ደግሞ አደጋን ራስህ ላይ መጋበዝ ነው። መጀመሪያ ይቁም፣ ከዚያ ይውጣ። ጥርሱ የደነዘ ወይም ሙጫ የያዘ ዲስክ እንጨቱን ከመቁረጥ ይልቅ ይፍቀዋል፣ ያጨሳል። አንተ ደግሞ አልቆርጥ ሲልህ ትጫነዋለህ። ጭስ ካየህና መጫን ከጀመርክ ዲስኩ መሳል ወይም መቀየር አለበት። ከኮንክሪት ሥራ የተረፈ ጣውላ ከሆነ ደግሞ ሚስማሩን አንድ በአንድ ሳትነቅል፣ የደረቀውን ሲሚንቶ ሳትፍቅ አታስገባ።

ወደ መከለያው ልመለስ። ሰዎች መከለያ የሚያስሩት ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ማሽኑ አዲስ ሳለ መከለያው በቀላሉ ይከፈታል፣ በቀላሉ ይዘጋል። ከጊዜ በኋላ ሰጋቱራና የእንጨት ሙጫ መገጣጠሚያው ውስጥ ይገባል። አንድ ቀን ይወድቅና ጠርዙ ይጣመማል። ስፕሪንጉ ይላላል። ከዚያ በኋላ ጣውላ ጫፍ ላይ ይነክሳል፣ አልከፈት ይላል፣ ያናድዳል። ጋሼም ሥራ ሲበዛባቸው ሽቦ አነሱ። መፍትሔው ግን የነከሰበትን ምክንያት ማንሳት ነበር።

እንዲህ አድርግ። ስፒናውን ንቀልና ስፒናው ዓይንህ ሥር ይሁን። ዲስኩን ፍታ። መከለያውንና መገጣጠሚያውን በደረቅ ብሩሽ በደንብ አጽዳ። የደረቀ ሙጫ ካለ በእንጨት ቁራጭ ፋቀው። ዘይት አታርከፍክፍ፤ ዘይት ሰጋቱራ ይሰበስብና ከበፊቱ የባሰ ያደርገዋል። ጠርዙ ተጣሞ ዲስኩን ወይም መቀመጫውን የሚነካ ከሆነ፣ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ፣ ማሽን ጠጋኝ ዘንድ ውሰደው። ከዚያ ዲስኩን መልሰህ እሰርና በእጅህ ሞክረው፦ መከለያውን እስከ መጨረሻ ክፈትና ልቀቀው። ጥርቅም ብሎ በአንድ ጊዜ መዘጋት አለበት። ማሽኑን አጋድመህም፣ ወደ ላይ አቅንተህም ሞክረው። ሥራ ከመጀመርህ በፊት በየጠዋቱ እንዲሁ ሞክረው። ቀስ ብሎ ከተዘጋ ወይም መሃል ላይ ከቀረ ያን ቀን አይሠራበትም።

መከለያው ጤነኛ ሆኖም የሚያስቸግርበት ጊዜ አለ። ጣውላን በሰያፍ ስትቆርጥ ወይም ከመሃል ስትጀምር ጫፉ ላይ ሊያዝ ይችላል። ለዚህ ተብሎ መከለያው ላይ ትንሽ እጀታ ተሠርቶለታል። በእጀታው ከፍ ታደርገዋለህ፤ ዲስኩ እንጨቱ ውስጥ እንደገባ ትለቀዋለህ። ሽቦው የገባው በዚህ እጀታ ቦታ ነው። ጋሼ ይኼን እጀታ አይተውት ይሆናል፤ ማንም ጥቅሙን አልነገራቸው ይሆናል።

መብራት የሚጠፋበት አገር ውስጥ ስለምንሠራ ሌላም ነገር አለ። ማሽኑ እንጨት ውስጥ ሳለ መብራት ሲጠፋ ብዙ ሰው ትቶት ወጥቶ ሻይ ይጠጣል። ማብሪያው ተቆልፎ የቀረ ከሆነ መብራት ሲመጣ ማሽኑ በራሱ ይነሳል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ የመጀመሪያው ሥራ ማብሪያውን መልቀቅና ስፒናውን መንቀል ነው። ዲስክ ስትቀይርም፣ ጥልቀት ስታስተካክልም፣ ሰጋቱራ ስታራግፍም ስፒናው ይነቀል። ጣት የሚያጠፋው ሁልጊዜ መቁረጥ ብቻ አይደለም። ረጅም ገመድ ከተጠቀምክ ደግሞ ጠቅልለህ አትተወው፤ ሙሉ በሙሉ ዘርጋው። የተጠቀለለ ገመድ በጭነት ይግላል፣ ላስቲኩም ይቀልጣል። ገመዱ ሁልጊዜ ከኋላህ ይሁን፣ ከዲስኩ መንገድ ውጭ።

አንተ አልጠየቅከኝም፤ ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሰርኩላር ሲበላሽ ግራይንደር (የብረት መቁረጫና መሞረጃ ማሽን) ላይ ባለ ጥርስ የእንጨት ዲስክ የሚያስሩ እንጨት ቤቶች አሉ። እባክህ ይኼን አታድርግ፣ ሌላውም ሲያደርግ ዝም አትበል። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ዙር ገደማ ይዞራል። ብዙ የእንጨት ዲስክ ያን ያህል እንዲዞር አልተሠራም። ጣውላ ላይ የሚያርፍ መቀመጫ የለውም፣ የሚዘጋ መከለያ የለውም። ጥርሱ እንጨት ሲነክስ የሚይዘው ነገር ስለሌለ ፊትህ ላይ ነው የሚመጣው። ማንኛውም ዲስክ ስትገዛ የተጻፈበትን የዙር ቁጥር እይ። ማሽኑ ላይ ከተጻፈው ማነስ የለበትም።

አለባበስን በአጭሩ። የተንዘረፈፈ እጅጌ፣ ሻርፕ፣ የአንገት ሐብል አይሆንም። ሰፊ ጓንትም እንዲሁ። ክፍት ነጠላ ጫማ አድርገህ አትቁም። መነፅር አድርግ፤ የሚፈናጠር ቁራጭ ለዓይን አይራራም። ለጆሮህም አስብ። የአሜሪካው የሥራ ጤና ተቋም ናዮሽ 85 ዴሲቤል ድምፅ ያለ መከላከያ ለስምንት ሰዓት ይቻላል ይላል፤ 100 ዴሲቤል ከሆነ ግን ለ15 ደቂቃ ብቻ። ሰርኩላር 100 አካባቢ ይደርሳል። እንጨት ቤት ያረጁ ሰዎች ጮክ ብለው የሚያወሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ብናኙም ቀላል ነገር አይደለም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ያስከትላሉ ካላቸው ነገሮች ጋር የመደበው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ጭንብል አድርግ፤ ከተቻለ ደጅ ቁረጥ።

አያድርገውና አደጋ ቢደርስ እንጨት ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይኼን ይወቅ። መጀመሪያ ማሽኑ ይነቀል። ቁስሉ ላይ ንጹሕ ጨርቅ አድርጎ በኃይል መጫን፤ በየደቂቃው እየገለጡ አለማየት። ጨርቁ ከራሰ ሌላ ከላይ መደረብ። እጅ ከሆነ ከልብ በላይ ከፍ ማድረግ። ቡና ወይም ሌላ ነገር ቁስል ላይ አይነስነስ። ጣት ተቆርጦ ከወደቀ አይጣል። በንጹሕና ረጠብ ባለ ጨርቅ ይጠቅለል፣ ፌስታል ውስጥ ገብቶ በደንብ ይታሰር፣ ፌስታሉ በረዶና ውኃ ያለበት ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ። ጣቱ በቀጥታ በረዶ መንካት የለበትም፣ ሕዋሱ ይሞታል። ከሰውየው ጋር አብሮ ሆስፒታል ይሂድ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ግድግዳው ላይ በትልቁ ጻፉት።

አሁን ዋናው ከባድ ነገር፣ ጋሼ። ያሳደገህን ሰው መናገር እንደሚከብድ ይገባኛል። ግን ልብ በል፤ እሳቸውን ልትከስ አይደለም የምትሄደው። መጀመሪያ መከለያውን ራስህ አጽዳው። ጠዋት ደንበኛ ሳይመጣ፣ ሌሎቹ ልጆች ሳይሰበሰቡ፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ አሳያቸው። «ጋሼ፣ ይነክስ የነበረው ሰጋቱራ ሞልቶበት ነው። አጽድቼዋለሁ፣ እስቲ እርስዎ ይሞክሩት» በላቸው። ሥራ ያጓትታል ላሉት መልሱ በእጃቸው ሲሠራ ማየት ነው። ከዚያ የተቀደደውን ሱሪህን አሳያቸው። ነግረሃቸው ታውቃለህ? ከደብዳቤህ እንዳልነገርካቸው ጠርጥሬያለሁ። አንድ ልጅ አሳድጎ ለሥራ ያበቃ ሰው ያንን ቀዳዳ አይቶ ዝም የሚል አይመስለኝም። ስለ ጣታቸው ግን አታንሳባቸው። እሳቸው ራሳቸው ካወሩልህ ስማቸው።

እምቢ ካሉስ? ያን ጊዜ በአክብሮት ግን ሳትወላውል፣ «ጋሼ፣ ሌላውን ሁሉ እታዘዝዎታለሁ፣ መከለያው በታሰረ ማሽን ግን አልቆርጥም» በል። መለካቱን፣ መላጉን፣ ማጣበቁን ሥራ። የምታከብረው ሰው ካለ፣ አክስትህም ሆኑ የሰፈር ሽማግሌ፣ እንዲያናግሯቸው አድርግ። ሕጉም ከአንተ ጋር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅና የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያዝዛል። ሠራተኛውም ለደኅንነት የተሠራን መሣሪያ እንዳያነሳ ወይም እንዳያበላሽ ይከለክላል። ይኼን አዋጅ ጋሼ ፊት እንድታነብ አልመክርህም፤ ቤተሰብ ናችሁ። ግን የጠየቅከው መብትህን እንጂ ምቾትህን እንዳልሆነ እወቅ። ሌሎች ልጆችም በዚያው ማሽን ይሠራሉ።

የአክስትህን ልጅ ስጦታ በተመለከተ፣ ሐሳቡ ደስ ይላል። ግን እንዳለ አትቀበለው። የአሜሪካ ገመድ ያለው ሰርኩላር የሚሠራው በ120 ቮልት ነው። የእኛ 220 ነው። ስፒናውን ቀይረህ በቀጥታ ከሰካኸው ሞተሩ ይቃጠላል። ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ይቻላል ይሉሃል፤ ግን 1,400 ዋት ለሚስብ ማሽን ከዚያ የሚበልጥ አቅም ያለው ትልቅ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ዋጋው እዚህ ሌላ ማሽን ሊገዛ ይችላል። በባትሪ የሚሠራው ይሻላል፤ ገመድም የለውም። ግን ቻርጀሩ 120 ብቻ ሊሆን ስለሚችል ከመግዛቱ በፊት የቻርጀሩን ጀርባ ፎቶ አንስቶ ይላክልህ። ከ100 እስከ 240 የሚል ካለ ይሠራል። እንዲህ ዓይነቱ ማሽን ባትሪው ላይ እንዳለ ሁልጊዜ ዝግጁ መሆኑን አስታውስ፤ ስፒና መንቀል እዚያ ላይ ባትሪ ማውጣት ነው።

እኔን ብትጠይቀኝ ከማሽኑ ይልቅ ጥሩ መነፅር፣ የጆሮ መከላከያና ጥርሱ ጠንካራ የሆነ ሁለት ዲስክ ቢልክልህ እመርጣለሁ። ቀላል ነው፣ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ዲስኩን ሲገዛ ግን የመሃሉ ቀዳዳ ይጠንቀቅ። እዚያ የተለመደው 15.9 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ እዚህ የሚገኙት ብዙ ማሽኖች 20 ወይም 30 ይፈልጋሉ። ቀዳዳው የማይገጥም ዲስክ በሮንዴላ (በቀለበት ብረት) ተሞልቶ አይታሰርም። ነገ ዲስኩን ስትፈታ ቀዳዳውንና የዲስኩን ስፋት በሚሊ ሜትር ለካ፤ ማሽኑ ላይ የተጻፈውን የዙር ቁጥርም ጨምረህ ላክለት።